«ቴስታታ ነው!»፦ ሳይፈትሹ እርግጠኛ የመሆን ዋጋ

የሚኒባስ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት መታየት ያለበት ውሃ ነው። አረንጓዴ ኩላንት ይሁን ቀይ፣ ወይ ደግሞ በጀሪካን የተቀዳ የቧንቧ ውሃ፣ ብቻ ውሃ የሚመስል ነገር። አንዳንድ ቀን ግን ክዳኑ ሲነሳ የሚታየው ማኪያቶ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ቡናማ፣ ጣት ላይ የሚያሟልጭ፣ ክዳኑን ከውስጥ እንደ ቅባት የለበሰ። ሹፌሩ ያየዋል፣ ረዳቱ ያየዋል። መካኒኩም ከኋላቸው አንገቱን አስግጎ፣ እጁን እንኳ ሳያስነካ፣ ሁለት ቃል ይናገራል፦ «ቴስታታ ነው።»

ይህ ጽሑፍ ስለነዚያ ሁለት ቃላት ነው። ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ እሱን አልክድም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሰው የተናገረው ነገር እውነት ሆኖ፣ እሱ ግን እውነት መሆኑን ሳያውቅ ከተናገረው፣ ምን አደረገ እንበል? ዋሸ? ገመተ? ዕድሉን ሞከረ? ዕድሉን ከሞከረስ በማን ገንዘብ?

መጀመሪያ ግን ሞተሩን እንየው። ሞተሩን ሳናይ ስለ ሥነ ምግባር ብናወራ እኛም ከሰውዬው አንሻልም።

ሁለት ፈሳሾች በአንድ ብረት ውስጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጭነው ከሚሮጡት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ቶዮታ ሃይኤስ ናቸው። ቀደም ያለውን ቅርጽ ሰዉ «ዶልፊን» ይለዋል፣ የኋለኛውን «አባዱላ»። ብዙዎቹ በናፍታ ይሠራሉ። በናፍታ ሞተር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሁለት ፈሳሾች ይዞራሉ። ዘይቱ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያደርጋል፤ ውሃው ደግሞ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። ሁለቱም የሚያልፉት በአንድ ብረት ውስጥ በተቦረቦሩ መንገዶች ነው፤ አንዳንድ ቦታ በመካከላቸው ያለው የጥቂት ሚሊሜትር ግድግዳ ብቻ ነው። መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ ግን የሚገናኙባቸው በሮች የታወቁ ናቸው።

አንደኛው በር ጓርኒሲዮኑ ነው። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ማለትም ቴስታታው፣ ከታችኛው ብሎክ ጋር ሲገጠም በመካከላቸው የሚነጠፍ ስስ ማሸጊያ አለ። የእሳቱን ግፊት፣ ዘይቱንና ውሃውን ለየብቻ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ቴስታታው ከተጣመመ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተበላ መንገዶቹ ይገናኛሉ። ሁለተኛው በር የቴስታታው ወይም የብሎኩ መሰንጠቅ ነው።

ሦስተኛው ኦይል ኩለሩ ነው። ብዙ የናፍታ ሞተሮች ላይ ዘይቱን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ዘይት በአንዱ ጎን፣ ውሃ በሌላው ጎን ያልፍበታል። ውስጡ ከተበሳ ወይም ማሸጊያው ካረጀ ዘይቱ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል። አራተኛው በር ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች ላይ ነው። የካምቢዮው ዘይት ብዙ ጊዜ የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀመጠ ቱቦ ስለሆነ፣ ያ ቱቦ ሲበላ የካምቢዮ ዘይት ከውሃው ጋር ይቀላቀላል።

አምስተኛው በር የሰው እጅ ነው። በተሳሳተ ቀዳዳ የተሞላ ዘይት፣ ካለፈው ጥገና በኋላ በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ቅሪት፣ ወይም የማይስማሙ ሁለት ዓይነት ኩላንቶች ተደባልቀው የሠሩት ዝቃጭ። ይሄ የመጨረሻው ጭራሽ ዘይት አይደለም፤ ዘይት ይመስላል እንጂ።

አምስት በር፣ አንድ ማኪያቶ። የየበሩ ሥራ ግን አንድ አይደለም። ኦይል ኩለር ከሞተሩ ጎን ተፈትቶ የሚወጣ ነገር ነው። ቴስታታ ማውረድ ማለት ግን የሞተሩን ግማሽ መበተን ነው፤ ቺንጊያው ይወርዳል፣ ማኒፎልዱ ይፈታል፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን ይገዛል፣ መኪናው ለቀናት ይቆማል። «ቴስታታ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር አጭር ነው፤ ሒሳቡ ግን ረጅም።

ምልክት እና ምክንያት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ሥሩ ጋ የሚደረሰው ደግሞ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ በመሄድ ነው። ቅደም ተከተሉን ልጻፈው፤ ለመካኒክነት ስለሚያበቃ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ እርምጃ ስለ ማወቅ አንድ ነገር ስለሚያስተምር ነው።

የመጀመሪያው ማየት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው ታሪክ በየጋራዡ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድቶ ማሳደር ይቻላል። ዘይት ከሆነ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዝገት ከሆነ ታች ይዘቅጣል። የናፍታ ሞተር ዘይት በጥላሸት የጠቆረ ስለሆነ ውሃውን ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ይወስደዋል። የካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይ ስለሆነ ቅልቅሉ ወደ ሮዝ ይሄዳል። መኪናው ማኑዋል ካምቢዮ ከሆነ ግን አራተኛው በር ከነአካቴው ተዘጋ ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ምንም አልተከፈለም።

ሁለተኛው መጠየቅ ነው። መኪናውን መጨረሻ ማን ነካው? ምን ተቀየረ? ኩላንት ተጨምሯል? ከስድስት ወር በፊት ቴስታታው ወርዶ ነበር? ሐኪም ታሪክ የሚጠይቀው ጨዋታ አምሮት አይደለም። ግማሹ መልስ ያለው በሽተኛው አፍ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዞ ማየት ነው። ውሃው በዘይት ተበክሎ ዘይቱ ግን ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ቀዳዳ ካለ በሁለቱም አቅጣጫ መፍሰስ አልነበረበትም? የሚወስነው ግፊት ነው። ሞተሩ ሞቆ ሲሮጥ የዘይቱ ግፊት ከ2 እስከ 5 ባር አካባቢ ይሆናል፤ የውሃው ግፊት ደግሞ በክዳኑ ተገድቦ 1 ባር አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ዘይት ወደ ውሃ ይገፋል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወድቃል፣ የጋለው ውሃ ግን እስኪቀዘቅዝ ግፊቱን ይዞ ይቆያል፤ ያኔ በተራው ውሃው ወደ ዘይቱ ሊሄድ ይችላል። አንድ ቀዳዳ ቀንና ማታ የተለያየ ታሪክ ያወራል ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ነጭ አረፋ የታየ ሁሉ ውሃ ዘይት ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። በክረምት ጠዋት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ፣ በደንብ የማይሞቅ ሞተር ከአየሩ እርጥበት ብቻ ያንን አረፋ ይሠራል። ሌላ ቦታ ሳይታይ በዚህ ብቻ ሞተር የሚበትን ሰው ጤዛ አይቶ ጣሪያ እንደሚያፈርስ ነው።

አራተኛው የእሳቱን ጋዝ መፈለግ ነው። ጓርኒሲዮኑ ከሲሊንደር በኩል ከተበላ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ማኒኮቶ ከጠነከረ፣ ውሃው ላይም አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ጥርጣሬው ይጨምራል። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ ቀላል መሣሪያም አለ፤ በአየሩ ውስጥ የቃጠሎ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋዝ ከተገኘ ከቴስታታው በኩል ችግር አለ። ጋዝ ካልተገኘ ግን ጓርኒሲዮኑ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ የተበላው በዘይቱና በውሃው መንገድ መካከል ብቻ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ማጣትና የንጽሕና ማስረጃ ማግኘት ለየቅል ናቸው።

አምስተኛው ኦይል ኩለሩን ፈትቶ መፈተን ነው። አንዱ ቀዳዳ ይደፈናል፣ በሌላው አየር ይገባል፣ ዕቃው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አየሩ ከጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ይገኛል፣ ውሃው ከበርሜል። አረፋ ከወጣ ሌባው ተያዘ። ካልወጣና ማሸጊያዎቹም ደህና ከሆኑ፣ አሁን ነው «ቴስታታውን እናውርደው» የሚባለው። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ የተናገረው ሰው ግን አሁን ያውቃል፣ ቢያንስ የቀሩት በሮች የትኞቹ እንደሆኑ ያውቃል።

የመርከቡ ባለቤት

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ በ1877 «የእምነት ሥነ ምግባር» የሚል መጣጥፍ አሳትሞ ነበር። አንድ የመርከብ ባለቤትን ያስበናል። መርከቡ አርጅቷል፣ ብዙ ጊዜ ተጠግኗል፣ ባለቤቱም ውስጥ ውስጡን ይጠራጠራል። ግን እስከ ዛሬ ስንት ማዕበል አልፏል እያለ፣ ፈጣሪም ተሳፋሪዎቹን ይጠብቃል እያለ፣ ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ ያባርረዋል። በመጨረሻ ከልቡ ያምናል። መርከቡ ስደተኛ ቤተሰቦችን ጭኖ ይሄዳል፣ ባሕር መሐል ይሰጥማል፣ ባለቤቱም የመድን ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፈርድ ሰውዬው ጥፋተኛ ነው ይላል። ከልቡ ማመኑ አያድነውም፤ ምክንያቱም ያንን እምነት በመመርመር አላገኘውም፣ ጥርጣሬውን በማፈን እንጂ።

ከዚያ የሚቀጥለው ሐሳቡ ነው የሚገርመው። መርከቡ በሰላም ቢደርስስ? ያው ጥፋተኛ ነው ይላል። የሠራው ነገር የተፈጸመው ያመነ ጊዜ ነው፤ ባሕሩ ምን እንዳደረገ በኋላ የመጣ ዕድል ነው።

ይህን ወደ ጋራዡ እናምጣው። ሁለት መካኒኮች ሳይፈትሹ «ቴስታታ ነው» አሉ። የአንዱ ገጠመለት፣ የሌላው አልገጠመለትም። ሰፈሩ የመጀመሪያውን «እጁ ወርቅ ነው» ይለዋል፣ ሁለተኛውን «ሌባ» ይለዋል። ግን ሁለቱ የሠሩት ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ብረቱ ውስጥ ነበር፣ ሰዎቹ ውስጥ አልነበረም።

አሁን አንድ ሰው «ቆይ፣ ልምድስ?» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው ዓይኑ ብቻ ይበቃዋል፣ አይደለም እንዴ? ልምድን አልንቅም። ብዙ ጊዜ ከመሣሪያ ይበልጣል። ግን አንድ ነገር እናስብ። ቴስታታ ሲወርድ ሙሉ ጓርኒሲዮን ይቀየራል። በሙሉ ጓርኒሲዮን ካርቶን ውስጥ ብዙ ጊዜ የኦይል ኩለሩ ማሸጊያም አለ። ችግሩ የነበረው እዚያች ማሸጊያ ላይ ቢሆንስ? መካኒኩ ቴስታታውን አወረደ፣ ሁሉንም ማሸጊያ ቀየረ፣ መኪናው ዳነ። በሱ መዝገብ ላይ «ቴስታታ ነበር፣ አልኩ፣ ሆነ» ተብሎ ተጻፈ። የተሳሳተ ግምት ትክክለኛ ውጤት ሰጠው። በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናል።

ልምድ በዚህ መንገድ ሊያስት ይችላል። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ቢሠራ አንድ ዓመትን ሠላሳ ጊዜ ደገመ ማለት ሊሆን ይችላል። ልምድ ዕውቀት የሚሆነው ሰውየው መሳሳቱን ሊነግረው የሚችል ነገር ፊት ራሱን ሲያቆም ነው። የሚያሳፍር ፈተና ያላለፈ ልምድ ከሽበት አይለይም።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

እስካሁን መካኒኩን ብቻ ከሰስኩት። ፍትሐዊ አይደለሁም።

ሹፌሩ ብዙ ጊዜ መኪናው የሱ አይደለም። ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለ። መኪናው የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው፤ ረዳቱም በዚያ ቀን ባዶ እጁን ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው ጋራዥ ገብቶ «ጋሼ፣ ቶሎ ንገረኝ፣ ምንድነው?» ሲል የሚጠይቀው ምርመራ አይደለም፤ መገላገል ነው። «ልጄ፣ ገና አላወቅኩም፤ ነገ እስከ ምሳ ስጠኝ» የሚል መካኒክና «ቴስታታ ነው፣ ሐሙስ ትወስዳለህ» የሚል መካኒክ ጎን ለጎን ቢቆሙ ደንበኛው ወደ የትኛው ይሄዳል? ሁላችንም እናውቀዋለን። አለማወቁን የተናገረው ሰው አላዋቂ ይመስላል።

ሌላም አለ። ለመፈተሽ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለመፍታትና ለመግጠም እንከፍላለን። አንድ መካኒክ ግማሽ ቀን ሲያሸት፣ ሲለካ፣ ሲነክር ውሎ «ምንም መፈታት የለበትም፣ የተደባለቀ ኩላንት ነው፣ ይታጠብ» ቢለን፣ «አይተህ ብቻ ነው ይሄን ሁሉ ብር የምትጠይቀው?» እንላለን። ከትልቅ ወጪ ያዳነን ሰው ትንሹን ይከለከላል፤ ያላስፈላጊ ሞተር የበተነው ግን ሙሉ ዋጋ ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ እርግጠኛ መምሰል ጠባይ ብቻ አይደለም፣ መተዳደሪያም ነው።

ከጋራዥ ውጭም ያው ነን። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው «ታይፎይድ ነው» ተብሎ በወረቀት ከተሰጠው ቀለል ብሎት ይወጣል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን በእርግጠኝነት እንደማይለይ የሕክምና ባለሙያዎች ያውቃሉ፤ በሽተኛው ግን ስም ይፈልጋል። «ቫይረስ ይመስላል፣ ሁለት ቀን እንጠብቅ» የሚል ሐኪም ምንም ያልሠራ ይመስለዋል። ስም ካገኘን እናርፋለን፤ ስሙ የበሽታው ይሁን የሌላ አንጠይቅም።

ስለዚህ በመካኒኩ ቃል ውስጥ የኛም ድምፅ አለ። የገዛነውን ነው የሸጠልን። ይህ ግን ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣውም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን እኩል አይደለምና። ግምቱ ሲሳሳት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከሁሉ ያነሰ ያለው ሰው። የሥነ ምግባሩ ነገር የሚያርፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም አብዛኛውን ነገር አናውቅም። ነውሩ አለማወቅን በዕውቀት ዋጋ መሸጥ ነው። ግምትን «ግምት ነው» ብሎ የሚናገር ሰው አደጋውን ለባለቤቱ ያሳየዋል፤ ባለቤቱ ይመርጣል። ግምትን እንደ እርግጥ የሚናገር ሰው ያንን ምርጫ በዝምታ ይወስድበታል።

መጠበቅ በማይቻልበት ጊዜ

ለክሊፈርድ መልስ የሰጠው አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ነው። በ1896 ባደረገው ንግግር፣ በሕይወት ውስጥ ማስረጃው እስኪሟላ የማይጠብቁ ምርጫዎች አሉ አለ፤ አለመምረጥም ራሱ ምርጫ የሚሆንባቸው። ሹፌሩ ይህን ቢሰማ «ይኸውልህ፣ የኔ ነገር!» ይል ነበር።

እውነት የሱ ነው? ጄምስ ያወራው ማስረጃ ሊፈታቸው ስለማይችሉ ጥያቄዎች ነው። የኦይል ኩለሩ ጥያቄ ግን ይፈታል፤ የሚፈልገው አንድ በርሜል ውሃና ግማሽ ቀን ነው። «ጊዜ የለኝም» ማለትና «ማወቅ አይቻልም» ማለት የተለያዩ ናቸው። ግማሽ ቀን ለመቆጠብ ብሎ ያለ ምክንያት ሳምንት የሚያቆም ሰው ጊዜውን አላዳነም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የጄምስ ሁኔታ በእውነት የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። ሚኒባሱ ሰው ሞልቶ አባይ በረሃ ውስጥ ነው እንበል፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ጀምሯል። ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ከፊቱ አለ፣ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ እየሄደ ነው። ዘይት የራዲያተሩን ቱቦዎች ከውስጥ ሲቀባቸው ሙቀት እንደ ድሮው አይወጣም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይታወቃል። እዚህ ኮምፕሬሰር የለም፣ ሰማያዊ ፈሳሽ የለም። መወሰን ግን አለበት፤ ቆሞ ያቀዝቅዝ? ውሃ ጨምሮ ቀስ እያለ ይውጣ? ሰዎቹን ሌላ መኪና ላይ ያሳፍር? እዚህ በግምት መንቀሳቀስ ኃጢአት አይደለም። ግዴታ ነው።

ግን እዚያም ቢሆን አንድ ነገር ይቀራል። ግምቱን ግምት ብሎ መጥራት። «ሞተሩ እየጋለ ነው፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ሃያ ደቂቃ እንቁም» የሚል ሹፌር ተሳፋሪውን ያከብራል። «ምንም አይደለም፣ ተረጋጉ» ብሎ የሚነዳው ግን የክሊፈርድን መርከብ እየነዳ ነው፤ ደጀን በሰላም ቢደርስም።

ምልክትን ማጠብ

ከመገመት የከፋ አንድ ነገር አለ። ማጠብ።

ብዙ ሰው ውሃው ተበክሎ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ማጠብ ነው፤ ውሃው ይደፋል፣ ሳሙና ይገባል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። በቅን ልብ ነው የሚደረገው። ግን ከምርመራ በፊት ከሆነ ማስረጃው አብሮ ፈሰሰ። ቀለሙ ምን ነበር? ስንት ነበር? ከላይ ነው የተንሳፈፈው ወይስ ተዋሕዷል? የሚነግረን የለም።

ክፉ ልብ ሲጨመርበት ደግሞ ይህ ማጠብ ሽያጭ ይሆናል። መኪናው ሊሸጥ ባለፈው ማታ ይታጠባል፣ ደላላው «ሞተሩ ቃል የለውም» ይላል፣ ገዢው ክዳኑን ከፍቶ እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ያያል። እዚህ የውሸት አረፍተ ነገር ላይኖርም ይችላል። ሻጩ «ችግር የለበትም» ብሎ አልማለም። ያደረገው ነገር ግን ከውሸት ይከፋል ባይ ነኝ። ውሸትን የሰማ ሰው ቢያንስ ሊጠራጠርና ሊያጣራ ይችላል። ምልክቱ የታጠበበት ሰው የሚያጣራበት ነገር ራሱ ተወስዶበታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን ደባቂው አንድ ሰው ነው፣ መድኃኒት የሚያጣው ሌላ።

ከጥገና በኋላም ይህ ምልክት ፈተና ይሆናል። ትክክለኛው በር ተገኝቶ ቢዘጋ እንኳ ውሃው ወዲያው አይጠራም። ዘይቱ በራዲያተሩ ጥጋጥግ፣ በካሎሪፈሩ፣ በማኒኮቶዎቹ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቆይቷል፤ ላስቲኩንም ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ክዳኑን ሲከፍት የቅባት ክብ ያያል፤ «አታለለኝ!» ይላል። አልተታለለም ይሆናል። የሚለየው ብዛቱ ነው፤ በየእጥበቱ እየቀነሰ ከሄደ ቅሪት ነው፣ በየጊዜው ያው ከሆነ ግን በሩ አሁንም ክፍት ነው። ይህን አስቀድሞ የሚናገር መካኒክ ራሱን ከክስ ያድናል፣ ደንበኛውም በራሱ ዓይን የሚመዝንበትን መንገድ ያገኛል። እውነት መናገር አንዳንዴ ወደፊት የሚታየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ መንገር ነው።

እንዴት አወቅክ?

ከዚህ ሁሉ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ሦስት ቃል የማይሞላ ጥያቄ ነው፦ «እንዴት አወቅክ?» ሲጠየቅ ስድብ መሆን የለበትም። ባህላችን ላይ ታላቅን እንዲህ መጠየቅ መዳፈር ይመስላል፤ አክብሮ ግን መጠየቅ ይቻላል። «ጋሼ፣ ቴስታታ መሆኑን በምን ለየኸው? ኦይል ኩለሩስ ታየ?» ያወቀ ሰው በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ የሚያውቀውን ነገር የሚያስረዳበት ሰው አገኘ። የሚቆጣው ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው ነው።

ጥያቄው ግን ሁለተኛ ግማሽ አለው፣ እሱ ደግሞ የኛ ነው። «ገና አላወቅኩም» የሚለውን መልስ ስንሰማ አለመሄድ። ለፈተሸበት ግማሽ ቀን መክፈል፣ ምንም ባይገኝ እንኳ። «ምንም አልተገኘም» ራሱ ትልቅ ግኝት ነው፤ አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ካላደረግን «እንዴት አወቅክ?» ብለን የመጠየቅ መብታችን ጎደሎ ይሆናል፤ ያልከፈልንበትን ሐቀኝነት ከሌላው ኪስ እየጠየቅን ነውና።

ሞተሩ ለማንም አይራራም፣ በማንም አይቆጣም። አንድ በር ተከፍቷል፣ ዘይቱ በዚያ እየገባ ነው። ያ በር በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፣ በሽበትም አይወሰንም። ፈልጎ ለሚያገኘው ሰው ጊዜም ብርም መስጠት ያለብን እኛ ነን፤ ከኋላ ደርዘን ሰው ተቀምጧል።